የልጅነት ተረታችሁንና ፊልማችሁን ለልጆቻችሁ ስታካፍሉ

"ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት!" ብሎ የሚመልስ ልጅ ካላችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል። ምላሹን የማያውቅ ከሆነ ከማንኛውም ተረት በፊት እሱን አስለምዱት። ጥቂት ማታ በቂ ነው። አፉን ከፍቶ የመለሰ ልጅ ጆሮውንም ይከፍታል። ቀጥሎ የምትናገሩት ነገር የሱም ጉዳይ እንደሆነ ይገባዋል።

አብዛኛው ወላጅ የሚሰናከለው ተረቱን በቅጡ ሳያስታውስ በመጀመሩ ነው። መሀል ላይ ደርሶ "ቆይ፣ አንድ ነገር ረስቻለሁ፣ ከዚያ በፊት ለካ..." ሲል ልጁ ትራሱን መጫወቻ ያደርጋል። በቃል ማጥናት ግን አያስፈልግም፤ በቃል የተጠና ተረት ይደርቃል። ከአምስት እስከ ሰባት የሚሆኑ መታጠፊያዎቹን ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ። ለምሳሌ የአንበሳው ጸጉር ተረት እንዲህ ይወጣል፦ ሴትዮዋ የእንጀራ ልጅ አላት፤ ልጁ አልቀርብ ይላታል፤ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ዘንድ ሄዳ መድኃኒት ትጠይቃለች፤ "የአንበሳ ጸጉር ነቅለሽ አምጪ" ይላታል፤ ሥጋ እየያዘች በየቀኑ ወደ አንበሳው ትጠጋለች፤ ጸጉሩን ነቅላ ትመለሳለች፤ ሽማግሌው "አንበሳን ያለመደ ትዕግሥት ልጅ ያቅተዋል?" ይላታል።

ተረቱን የሚሸከመው አምስተኛው መታጠፊያ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አጥፉ። በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን ከሩቅ ጥላ ትሮጣለች። በሁለተኛው ቀን ዛፉ ድረስ፣ በሦስተኛው ዋሻው አፍ ድረስ ትደርሳለች። በየቀኑ አንድ ዐይነት ዐረፍተ ነገር ድገሙ፦ "ሥጋውን አስቀመጠች፣ ወደ ኋላ ሸሸች፣ አያ አንበሶ በላ።" በሦስተኛው ጊዜ "ሥጋውን አስቀመጠች" ካላችሁ በኋላ ዝም በሉ። የቀረውን ልጁ ይጨርሰዋል። ሴትዮዋ በቀረበች ቁጥር ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። እጇ ጎፈሩ ላይ ሲያርፍ ሦስት እስክትቆጥሩ ጠብቁና የልጁን ጸጉር በስሱ ነካ አድርጉ። አብዛኛው ልጅ "እንደገና" የሚለው እዚህ ላይ ነው። ይሁን፤ ከዚያው ቦታ ድገሙለት።

ተረቱ ሲያልቅ "ከዚህ ምን ተማርክ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ይህችን ጥያቄ የለመደ ልጅ በሚቀጥለው ማታ ተረቱን ትቶ መልሱን ሲፈልግ ያመሻል። ምክሩን ሽማግሌው ራሱ ተናግሮታል፤ እናንተ አትድገሙት። "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" በሉና ተራውን ለልጁ ልቀቁ። ትናንት ያየውን ካርቱን ቢተርክም ከልብ ስሙት። እሱን ያልሰማ ወላጅ ነገ የሚሰማው አያገኝም።

ልኩን በዕድሜ አስቡት። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ያንኑ ተረት ሳምንት ሙሉ ቢሰማም አይሰለቸውም። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ስምንት ዓመት ያለፈው "ተረት የሕፃን ነው" ማለት ይጀምራል፤ ለሱ እንቆቅልሽ ያዙለት። "እንቆቅልህ" ስትሉት "ምን አውቅልህ" ይበል፤ እናት ከሆናችሁ "ምን አውቅልሽ" ይላል። ለምሳሌ "ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው" በሉት። ወንዝ መሆኑን ካላወቀ "አገር ስጠኝ" በሉ፤ እሱም ከተማ ይሰጣችኋል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ከሰጠ ከተማው ገብታችሁ ምን እንደበላችሁና እንደጠጣችሁ አጣፍጣችሁ አውሩ፤ መልሱን የምትነግሩት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው አገሩንም ይማራል።

ስለ ጅብ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቀን ላይ "ጅብ ይበላሃል!" እየተባለ የሚያድግ ልጅ ማታ አያ ጅቦ ሲመጣ አይስቅም፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይገባል። በተረቶቻችን ውስጥ ጅብ አብዛኛውን ጊዜ ሆዳምና ተታላይ ነው፤ እመት ጦጢት ሁሌ ትሸውደዋለች። ማስፈራሪያነቱን ከቀን ንግግራችሁ ካላወጣችሁት ተረቱ አይሠራም። ልጁ ከፈራም ተረቱን አታቋርጡ። የጅቡን ድምፅ ራሱ እንዲያወጣ አድርጉ፤ የራሱን ድምፅ የሚፈራ ልጅ እምብዛም የለም።

ከጥንቶቹ ተረቶች አንዳንዶቹ ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን፣ ሸማኔን፣ ማየት የተሳነውን ወይም የቆዳ ቀለምን ይሰድባሉ። ስድቡ ጌጥ ብቻ ከሆነ ቃሉን አውጡት፣ ተረቱ ይቆማል። ተረቱ የተንጠለጠለው በስድቡ ላይ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ተዉት። ልጃችሁ ነገ ትምህርት ቤት ውስጥ ይደግመዋል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በየዐረፍተ ነገሩ አትተርጉሙ። ልጁ የሚጠብቀው እንግሊዝኛውን፣ ዕብራይስጡን ወይም ዐረብኛውን ብቻ ይሆናል፤ አማርኛው ጫጫታ ሆኖ ይቀራል። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ቃላት ብቻ አሳዩት፦ ለአንበሳው ተረት ዋሻ፣ ሥጋና ጎፈር ይበቃሉ። ዋሻውን በብርድ ልብስ ሥሩ፣ ጎፈሩን በእጃችሁ አሳዩ። ቀሪውን ድግግሞሹ ይሠራዋል። በመሀል በሌላ ቋንቋ ቢጠይቃችሁ በአማርኛ አጭር መልስ ሰጥታችሁ ቀጥሉ፤ አማርኛውን እንዲያስተካክል ግን አታስገድዱት።

ወደ ፊልም ስንመጣ፣ ብቻችሁን አስቀድማችሁ እዩት። ሃያ ዓመት ያለፈው ትዝታ ጥፊውን፣ ሲጋራውንና ስድቡን ጥሎ ዘፈኑን ብቻ ያስቀራል። የሚያስቸግሩትን ቦታዎች ደቂቃቸውን ጻፉ። እዚያ ስትደርሱ በዝምታ አታስዘልሉ፤ ልጁ የተደበቀ ነገር እንዳለ ይገባዋል። አቁሙና "እዚህ ላይ ይመታታል፣ ትክክል አይደለም" ብላችሁ ቀጥሉ። እናት ወይም አባት የሚሞትበት ፊልም ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩት። ድንገት ሲያየው ያለቅሳል፤ ቀድሞ ያወቀ ልጅ ግን እጃችሁን ይዞ ያያል።

በቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ብዙ ነን። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት ስለሆነ ለልጅ በአንድ ቁጭታ አይሆንም። አብዛኞቹ መሀል ላይ የእረፍት ጽሑፍ ይወጣባቸዋል፤ ታሪኩም እዚያ ላይ ልብ አንጠልጥሎ እንዲቆም ሆኖ የተሠራ ነው። እዚያው አቁሙና ቀሪውን ነገ አሳዩት። ከፊልሙ ሁለት ቀን በፊት ዘፈኑን ቤት ውስጥ ክፈቱለት፤ የሚያውቀው ዜማ ሲመጣ ልጁ ከወንበሩ ይነሳል።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ያወሩት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በካሜራው በኩል ልጆችን ያናግሩ ነበር። እንዲህ ያሉ የድሮ ዝግጅቶች በፈጣን ካርቱን ላደገ ልጅ ዝግ ይላሉ፤ ስለዚህ ከአምስት ደቂቃ በላይ አታሳዩ። ጥያቄ ሲመጣ አቁሙና ልጁ ይመልስ። "እኛ በናንተ ዕድሜ ይህን ነበር የምናየው፣ ምን ጎደለን!" ማለት ግን ፊልሙን ያስጠላል። ሙሉ ፊልም ከሆነ አሥራ አምስት ደቂቃ ሞክሮ ካልወደደው ዝጉት፣ ከዓመት በኋላ መልሳችሁ ሞክሩ። ፊታችሁንም ከልጁ ፊት አንሱ፤ መውደዱን ለማረጋገጥ የሚያፈጥ ወላጅ አጠገብ ልጅ ዘና አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት ያልበለጠ ስክሪን ይመክራል፤ የናንተ የልጅነት ፊልምም ከዚያው ላይ ይቆጠራል።

አያት ካሉ ተረቱን ከሳቸው አፍ ቅረጹ። "ተረት ንገሪን" ሲባሉ አብዛኞቹ "ምን ተረት አለኝ፣ ረሳሁት" ይላሉ። "የጦጣዋና የጅቡ እንዴት ነበር?" ብላችሁ ጀምሩላቸው፤ ልጁም ፊታቸው ይቀመጥ፣ ለስልክ የሚያወሩና ለልጅ የሚያወሩ ሰው አንድ አይደሉም። ስልኩን በኤርፕሌን ሞድ አድርጋችሁ ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ፣ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። ቡና የሚወቀጥበትን ሰዓት አሳልፉ፣ የሙቀጫው ድምፅ ቃሉን ይውጠዋል። በቪዲዮ ጥሪ ከሆነ ሰዓቱን አስቡ። በዋሽንግተን የልጁ የመኝታ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ቅዳሜ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 4 ሰዓት (10 a.m.) ብትደውሉ ግን አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 11 ወይም 12 ሰዓት፣ ከእራት በፊት ታገኟቸዋላችሁ። ፋይሉን በተራኪው ስም፣ በተረቱና በቀኑ ሰይሙት። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይልነት ላኩት፤ ዋናውን ደግሞ ከስልኩ ሌላ ቢያንስ አንድ ቦታ ገልብጡት።