የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አወሳሰድን ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኤአርቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና) ክሊኒኮች በሚሠሩ ጥናቶች መድኃኒታቸውን በአግባቡ የሚወስዱት ሰዎች ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነታው አምሮ ይወጣል። ጥፋቱ የታካሚው ብቻ አይደለም፤ አጠያየቃችንና አቆጣጠራችንም ድርሻ አለው።

ቀጠሮ የመጣውን ብቻ መጠየቅ

መድኃኒቱን ያቆመ ሰው የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ አይገኝም። ናሙናው በአንድ የተወሰነ ቀን ሕክምና ላይ መሆን ከነበረባቸው ሰዎች ሁሉ፣ ከመዝገቡ ይውጣ። የተዛወሩትና የሞቱት ለየብቻ ይጻፉ፤ የጠፉት ግን ከስሌቱ አይቀነሱ። ተቃራኒ ስህተትም አለ፤ የ6 ወር መድኃኒት የሚወስዱ ደንበኞች በበዙበት ክሊኒክ፣ በአንድ ወር ውስጥ በብዛት የሚያገኟቸው ቶሎ ቶሎ የሚቀጠሩትን ነው።

መድኃኒት የሚያዝዘው ሰው እንዲጠይቅ ማድረግ

ነርሷ ፊት «ሳልውጥ ያደርኩበት ቀን አለ» ማለት ቁጣን ወይም የቀጠሮ ማጠርን ሊያስከትል እንደሚችል ታካሚው ያውቃል። ጠያቂው የክሊኒኩ ሠራተኛ ያልሆነ፣ ጋውን ያልለበሰ ይሁን። «መድኃኒትዎን በአግባቡ ይወስዳሉ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ይዞ የመጣ ነው። «ብዙ ሰው አልፎ አልፎ ይረሳል፤ ባለፉት 7 ቀናት ሳይውጡ ያለፉት ስንት ቀን ነው?» ቢባል ይሻላል። የ3 ቀን ጥያቄ የገበያውን ቀን፣ ለቅሶውንና ሰንበቱን ሊዘለው ይችላል። ማርፈድና መዝለል ለየብቻ ይጠየቁ፤ «2 ሰዓት» ሲባልም ጠዋት ወይም ማታ ተብሎ ይጻፍ።

ክኒን ሲቆጥሩ ያለፈውን ትራፊ መርሳት

ቲኤልዲ (ዶሉቴግራቪርን ጨምሮ ሦስት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን በአንድ የያዘው ክኒን) በቀን አንድ ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ይመስላል። ታካሚዋ ከባለፈው ቀጠሮ 6 ክኒን ተርፏታል እንበል፤ 90 ተሰጣት፣ በ84ኛው ቀን 20 ይዛ መጣች። ትክክለኛው ስሌት 6 ሲደመር 90 ሲቀነስ 20፣ ለ84 ተካፍሎ 90.5 በመቶ ነው። ትራፊውን ከረሱት 83.3 በመቶ ይሆንና፣ ከ85 በታች «ደካማ» በሚባልበት ምደባ ሴትዮዋ ያለ ጥፋቷ ወደዚያ ትወርዳለች። ከ20ው 10ሩን ቤት ትታ ቢሆን ደግሞ እንደተዋጠ ይቆጠርና 102 በመቶ ይወጣል። ከ100 በላይ የወጣን ቁጥር ወደ 100 መቁረጥ ትልቅ ጥፋት ነው። ቤት የቀረ፣ የተጣለ ወይም ለሌላ ሰው የተሰጠ ክኒን እንዳለ የሚጠቁመው እሱ ነውና ምክንያቱን ይጠይቁ።

የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ከቲኤልዲው 12 ሰዓት ቆይቶ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር ይጨምራል። ሁለቱ ብልቃጦች ለየብቻ ይቆጠሩ።

የሐበሻን ቀን እንዳለ ኤክሴል ላይ መጻፍ

ካርዱ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ኤክሴል ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ከኅዳር 1 እስከ የካቲት 1 ልክ 90 ቀን ነው። 1/3 እና 1/6 (ቀን/ወር) ተብሎ ሲገባ ግን ኤክሴል ከማርች እስከ ጁን አድርጎ 92 ይላል፤ በቀጠሮው ቀን የመጣው ሰው 2 ቀን አርፍዶ ይታያል። ጥቅምት 30 (30/2) እና ጳጉሜን (13ኛ ወር) ጭራሽ እንደ ቀን አይነበቡም፤ ጽሑፍ ሆነው ይቀሩና ከትንተናው ሳይታወቅ ይወድቃሉ። መፍትሔው ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት ዓምድ መጻፍ ነው። ከዚያ ዓመቱ በ365 ይባዛ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለው የሚያገኙት ሙሉ ቁጥር፣ 30 ጊዜ ወሩ እና ቀኑ ይደመሩበት። የሁለት ቀኖች ውጤት ሲቀናነስ ትክክለኛውን ርቀት ይሰጣል፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር ብሎ መቁጠር በቂ ነው።

95ን እንደ ባዮሎጂ ሕግ ማየት

ከታዘዘለት ቢያንስ 95 በመቶውን የዋጠ «ጥሩ» የሚባልበት መስፈርት የመጣው ፕሮቲዬዝ ኢንሂቢተሮች ከሚባሉት የቀድሞ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ዘመን ነው። ለምደባ ይጠቅማል፤ ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ግን ከዚያ በታች ሆኖም ቫይረሱ ሊታፈን ይችላል። ስድስት ቀን በተበታተነ ሁኔታ የዘለለና ስድስት ቀን በተከታታይ ያቋረጠ ሰው መቶኛቸው አንድ ነው፤ አደጋቸው ግን አንድ አይደለም። ረጅሙን ክፍተት ለብቻው ይመዝግቡ።

ኦድስ ሬሾም (በየቡድኑ በአግባቡ የሚወስዱት ለማይወስዱት ተካፍሎ የሁለቱ ቡድኖች ውጤት ሲነጻጸር) ያሳስታል። በአንዱ ቡድን 90፣ በሌላው 80 በመቶ በአግባቡ ቢወስዱ ኦድስ ሬሾው 2.25 ነው። ይህን «ከእጥፍ በላይ» ብሎ የሚጽፍ ተሳስቷል፤ የመጠኖቹ ንጽጽር 1.125 ብቻ ነው።

ቫይራል ሎድን የአወሳሰድ መለኪያ ማድረግ

ቫይራል ሎድ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ነው፤ ከ8 ወር በፊት የተወሰደ ደም ግን ያለፈውን ወር አይናገርም። በየቀኑ እየዋጡም ቫይረሱ ሊጨምር ይችላል። ነፍሰ ጡሯ የብረት ክኒኑን በባዶ ሆድ ከዶሉቴግራቪር ጋር ከዋጠችው መድኃኒቱ በደንብ አይመጠጥም። ካልሲየምም እንዲሁ ነው። ዶሉቴግራቪር ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ፤ ከምግብ ጋር ከሆነ ግን አብሮ መዋጥ ይቻላል። ለጨጓራ የሚወሰዱ፣ ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለባቸው አንታሲዶች ግን ከምግብ ጋርም ቢሆን ይራቁ። መጠይቁ ላይ ይህ ካልተጠየቀ «አቋርጣለች» ተብሎ ይጻፍባታል።

«ጸበል ይጠመቃሉ?» ብሎ ማቆም

የቀድሞው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ጸበሉም መድኃኒቱም አብሮ እንደሚሄድ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ መጠመቅ ብቻውን የማቋረጥ ምልክት አይደለም። «ጸበል ቦታ በቆዩበት ጊዜ ክኒኑ አብሮዎት ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። ጾምም ላይ እንዲሁ፤ ቲኤልዲ ያለ ምግብም ይዋጣል፤ የሚዘለለው ከቁርስ ጋር መዋጥ የለመደው ሰው ቁርሱ ሲቀር ነው።

የጠፋውን ሰው ሲፈልጉ ምሥጢር ማውጣት

ስልኩን ሌላ ሰው ካነሳው ክሊኒኩም ጥናቱም አይጠቀስ። ስምዎን ብቻ ነግረው፣ ሰውየው መቼ እንደሚገኝ ጠይቀው ይዝጉ።