ጥናታችሁ የተገለሉትን እንዲያቅፍ ከፈለጋችሁ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ልትጀምሩ ነው? መጠይቅ ከማባዛታችሁ በፊት ማን ከጥናታችሁ ውጭ ሊቀር እንደሚችል አስቡ። ቀበሌ ሄዳችሁ የሰው ስም ብትጠይቁ የሚሰጧችሁ ብዙ ጊዜ ለስብሰባ የሚጋበዙትን ነው። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ተፈናቅሎ የመጣው፣ ከቤት የማይወጣው አካል ጉዳተኛ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ። ዝርዝሩን ተቀበሉ፣ ግን በሱ ብቻ አትወሰኑ። ገበያ ውጡ፣ ያገኛችሁትንም ሰው «ሌላ ማንን ላናግር?» በሉት።

ከአንኮበር ቁልቁል ወርዳችሁ አልዩ አምባ የአርጎባ ሸማኔዎችን ልታናግሩ ነው እንበል። ዓርብ ቀትር ላይ አትቅጠሩ፣ የጁምዓ ሰላት ሰዓት ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ መወርወሪያውን እያመላለሰ ማውራት ስለሚችል ሥራውን አታስቆሙት፣ ጎኑ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ጥጥ የሚፈትሉትን ሴቶች ደግሞ ሴት መረጃ ሰብሳቢ ለብቻቸው ታናግራቸው፤ ባል አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚሰጥ መልስ ብዙ ጊዜ የባል መልስ ነው።

የስምምነት ቅጹን ማንበብ ለማይችል ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ተፈናቃይ ስታናግሩ እምቢ ቢል እርዳታው እንደማይቀርበት በግልጽ ንገሩት፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። የቀን ገቢውን ትቶ ለመጣ ሰው የትራንስፖርትና የጊዜውን ክፈሉ፣ በጀቱ ውስጥ ከመነሻው አስገቡት።

ውጤቱንም መልሱላቸው። አንድ ገጽ በቀላል አማርኛ ጻፉና እድር ላይ አንብቡት፤ ተሳስታችኋል የሚል ካለ ጽሑፉን ከማስገባታችሁ በፊት አርሙ።