የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሳያበላሹ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲከፍት ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። እሱ ግን ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አሳትሞ አስመጣ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ በየቤቱ የቀሩት በአብዛኛው ብዙ የተጫወቱና አቧራ የጠገቡ ናቸው።

ሳይታጠብ መርፌ አይጣልበትም፤ መርፌው አቧራውን እየፈጨ ድምፁ የተቀረጸበትን ፈር ይበላዋል። 4 እጅ የተጣራ ውሃ (ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ንጹሕ ውሃ፣ አሲዱ አይደለም)፣ 1 እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ በሊትር ሁለት ጠብታ የሳህን ሳሙና ይቀላቅሉ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። በለስላሳ ጨርቅ ፈሩን ተከትለው ክብ እየዞሩ ይጥረጉ፣ መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት አያርጥቡ፣ በተጣራ ውሃ ብቻ ያለቅልቁና ጥላ ውስጥ አቁመው ያድርቁ። ፀሐይ ያጣምመዋል። በደቂቃ 78 ለሚዞሩት ለጥንቶቹ ሸክላዎች ግን አልኮል ጨርሶ አይሆንም፤ ያሟሟቸዋል።

ርካሹን የሻንጣ ማጫወቻ ይተዉት፣ መርፌው ከልክ በላይ ይጫናል። መርፌው የሚጫንበት ክብደት በአምራቹ መመሪያ ይስተካከል፤ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው። ፍጥነቱን ለማረጋገጥ ጠርዙ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፈው በአንድ ደቂቃ ውስጥ 45 ጊዜ ማለፉን ይቁጠሩ። 6 በመቶ ከፈጠነ ዘፈኑ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ የአለማየሁም ድምፅ የሌላ ሰው ይመስላል። ክንዱ በየዙሩ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ቀዳዳው መሃል አልያዘም ማለት ነው። ሸክላው ትልቅ ቀዳዳ ካለው አስማሚውን (ቀዳዳውን የሚሞላውን ክብ ቁራጭ) ትንሽ ገፋ ያድርጉት፤ ትንሹን ቀዳዳ ግን በቢላ አያስፉ።

ማጫወቻውን ከላፕቶፑ ማይክሮፎን ቀዳዳ ጋር አያገናኙ፣ ድምፁ ይቀደዳል። በፎኖ ማጉያ (የማጫወቻውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) እና በዩኤስቢ ድምፅ ካርድ፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ይቅዱ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ። ሸክላው ሞኖ ቢሆንም በስቴሪዮ ይቅዱት፤ ከፈሩ ሁለት ግድግዳዎች አንዱ ይበልጥ ያልተጎዳ ሊሆን ስለሚችል በኋላ ጥሩውን ይመርጣሉ። የመጀመሪያውን ፋይል አይንኩት፤ የሚሠሩት በቅጂው ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ጭረት ሲያጠፋ ነው። ጭረት የሚያጠፋው ሶፍትዌር የጥሩምባን መነሻና የአለማየሁን ጩኸት ከጭረት አይለይም። «የተወገደውን ብቻ አሰማ» የሚል አማራጭ ካለው ይክፈቱት። እዚያ ውስጥ ጥሩምባ ከተሰማዎት ዘፈኑን እየበሉት ነው፣ መጠኑን ይቀንሱ። ትንሽ ጭረት ቢቀር ምንም አይደለም።

ፋይሉን ሲሰይሙ «አለማየሁ» ይቅደም፤ የውጭ ሶፍትዌር «እሸቴ» ብሎ ከአምሃ ጋር ይደባልቀዋል። የሸክላውን ገጽ (A ወይም B)፣ የካታሎግ ቁጥሩን፣ መሃል ባዶው ቀለበት ላይ የተጫረውን ቁጥር ይጻፉ። አቀናባሪው ከተጠቀሰ አይዝለሉት፤ ግርማ በየነ ያቀናበራቸው ብዙ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ ካልተገለጸ የሰባት ስምንት ዓመት ስህተት በየድረ ገጹ ይዞራል።