ለሞዴል ባቡር ማኬት ያበበ የጅማ ቡና አሠራር

በማኬታችሁ (በሞዴል ባቡሩ ዙሪያ በተሠራው ትንሽ መልክዓ ምድር) ላይ ያበበ የጅማ ቡና ለማሳየት ካሰባችሁ አበባውን አንድ በአንድ ለመቅረጽ አትድከሙ። በ1፡87 መጠን፣ ማለትም ሁሉም ነገር 87 ጊዜ አንሶ ሲሠራ፣ 2.5 ሜትር ቡና ወደ 29 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ አበባው ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። ግንዱን ከተጠማዘዘ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሠርታችሁ ቅርንጫፎቹን ወደ ጎን ዘርጉ። አረንጓዴ የተቀባ የስፖንጅ ፍርፋሪ በኮላ አጣብቁና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ቅርንጫፎቹን ተከትላችሁ ኮላ ነካ ነካ አድርጉና በነጭ አክሪሊክ ተቀብቶ የደረቀ፣ በወንፊት የተነፋ የስፖንጅ ብናኝ ነስንሱበት። በብናኙ ፋንታ የጠመኔ ዱቄት ብትጠቀሙ እርጥብ ኮላ ውስጥ ሰምጦ ይደበዝዛል።

ብዙዎች የሚስቱት ጫፉን ብቻ ነጭ በማድረግ ነው። የቡና አበባ የሚወጣው ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገጥምበት ቦታ፣ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ነው። ዝናብ ሲያገኝም ማሳው አብሮ ስለሚያብብ አንዱን ተክል ብቻ አበባ አልብሳችሁ ጎረቤቱን ባዶ አትተዉት።