ምጣዱን የረሳ ወጥ ቤት

ባለፈው ወር ሌላ ሰው የሠራውን ወጥ ቤት እንዳስተካክል ተጠርቼ ወደ አንድ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ነጭ የሚያብረቀርቅ ኤምዲኤፍ፣ ጥቁር ግራናይት፣ እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ፤ ለዓይን ያማረ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ያገኘሁት ግን መኝታ ቤት ውስጥ ነበር፤ ከአልጋው ግርጌ፣ አክንባሎው ላዩ ላይ ተደፍቶ፣ በአሮጌ ነጠላ ተሸፍኖ። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። «የት ላድርገው ልጄ? ከዚህ ሁሉ ሳጥን እሱን የሚያስጠጋ አንድም የለ» አሉኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ምጣዱን ተሸክመው ወደ ሳሎን ያወጡና የቴሌቪዥኑ ሶኬት ላይ ሰክተው ይጋግራሉ።

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ካቢኔት ስገጥም 14 ዓመት ሆነኝ። ከሁሉም ስህተት ደጋግሜ ያየሁት፣ አሁንም ባየሁት ቁጥር የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰዎች ስልካቸውን ከፍተው የወጥ ቤት ፎቶ ያሳዩኛል። የፎቶው ወጥ ቤት እንጀራ ለማይጋገርበት ቤት የተሠራ ነው። እዚያ የሥራው መንገድ ከፍሪጅ ወደ እቃ ማጠቢያ፣ ከእቃ ማጠቢያ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ «የሥራ ሦስት ማዕዘን» የሚባለው ይህ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1940ዎቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዳበረ ጠቃሚ ሐሳብ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የእኛ ወጥ ቤት ግን አራተኛ ጫፍ አለው። ያንን ጫፍ ከመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ ካላስቀመጣችሁት በኋላ ቦታ አይገኝለትም።

ምጣዱ ራሱ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲሜትር ነው። ሥራው ግን ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የሊጡ ባልዲ በአንድ በኩል፣ የወጣው እንጀራ የሚያርፍበት ሰፌድ በሌላው በኩል፣ ትኩሱ አክንባሎ የሚደገፍበት ደግሞ ሌላ ቦታ። እኔ ከ1 ሜትር ከ40 ባነሰ ርዝመት የምጣድ ቦታ አልሠራም። ከምጣዱ በላይ የሚሰቀል ካቢኔትም አልገጥምም። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት በቀጥታ የካቢኔቱን ሆድ ይመታል፤ ችፕውድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የተሠራ ጣውላ) ከሆነ ዓመት ሳይሞላው አብጦ ጠርዙ ይላቀቃል። በመስኮት አጠገብ ከሆነ ግን እንፋሎቱ መውጫ አለው።

ከፍታውን በተመለከተ እኔም አጥፍቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ምጣዱን እንደ ማንኛውም ዕቃ 90 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ግራናይት ላይ አስቀመጥኩት። ምጣዱ የራሱ እግርና ጎን ስላለው ገጹ ከመሬት 1 ሜትር ከ15 ደረሰ። ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ቤት ስሄድ ጋጋሪዋ በርጩማ ላይ ቆማ፣ ሊጥ የሞላ ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ በጋለ ምጣድ ላይ አጎንብሳ አገኘኋት። ደነገጥኩ። በማግስቱ ያንን ክፍል ቆርጬ ዝቅተኛ የብረት መቆሚያ ሠራሁላት፤ ዋጋም አልተቀበልኩም። ከዚያ ወዲህ የምጣዱን ከፍታ የምለካው በምትጋግረው ሰው ክርን ነው፤ የምጣዱ ገጽ ከክርኗ ቢያንስ አንድ ስንዝር ዝቅ ማለት አለበት። ለመለካት ስመጣ ጋጋሪዋ ቤት ውስጥ እንድትኖር የምለምነው ለዚህ ነው።

ኤሌክትሪኩ ደግሞ አለ። አንድ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ይህ ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ተራው ሶኬት ቢበዛ ለ16 አምፔር ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ እየሳበ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለሚዘልቅ ጋገራ አይደለም። ቀልጦ ጠቁሮ ግድግዳው ላይ የተጣበቀ ሶኬት ስንት ጊዜ እንደነቀልኩ አልቆጠርኩም። ለምጣዱ ከማከፋፈያው ሳጥን ለብቻው የሚነሳ መስመር ያስፈልጋል፤ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው። ማከፋፈያ ገመድ በፍጹም አትጠቀሙ! ይህ መስመር ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ይቀበር፤ ከተለጠፈ በኋላ ግድግዳ መቦርቦር ገንዘብም ልብም ያደማል።

ሁለተኛው ስህተት ጠባብ ክፍልን በሁለቱም ግድግዳ ካቢኔት ማልበስ ነው። ክፍሉ 1 ሜትር ከ70 ስፋት አለው እንበል። በሁለቱም በኩል 60፣ 60 ስታስቀምጡ ለመቆሚያ የሚቀራችሁ 50 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የምድጃው በር ሲከፈት ያንኑ ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ዳቦ የሚያወጣው ሰው የት ይቆማል? መተላለፊያው ከ90 ሳንቲሜትር እንዳያንስ፤ ሁለት ሰው የሚሠራበት ቤት ከሆነ 1 ሜትር ከ20 ተዉለት። በአንድ በኩል ሙሉ ካቢኔት፣ በሌላው በኩል 30 ሳንቲሜትር መደርደሪያ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጠባብነት በራሱ ችግር አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ ቤቶች የነደፈችው ታዋቂ ወጥ ቤት 1 ሜትር ከ90 በ3 ሜትር ከ40 ገደማ ብቻ ነበር፤ የተነሳችው ግን ከሚሠራው ሥራና ከሚፈጀው ጊዜ ነበር።

ካቢኔት አዝዞ በኋላ ፍሪጅ መግዛት። እባካችሁ አታድርጉት። አንድ ደንበኛዬ ከዱባይ ያስመጣው ባለ ሁለት በር ፍሪጅ 91 ሳንቲሜትር ስፋት ነበረው፤ የወጥ ቤቱ በር ደግሞ 80። ፍሪጁ ዛሬም ሳሎን ነው፤ እኔ የተውኩለት ቦታ ባዶውን ቆሟል። መጀመሪያ ዕቃው ይገዛ፤ ካልተገዛም ትክክለኛ ቁመቱ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ ተጽፎ ይምጣልኝ። ከኋላው 5 ሳንቲሜትር ያህል መተንፈሻ ይኑረው፤ ከምጣዱና ከምድጃው ይራቅ። በሩን ከግድግዳ ጋር አታጣብቁት፤ በሩ ከ90 ዲግሪ በላይ ካልተከፈተ በብዙዎቹ ፍሪጆች ውስጥ የአትክልት መሳቢያው ተስቦ አይወጣም።

የቡታጋዝ ሲሊንደርን በተዘጋ ካቢኔት ውስጥ መደበቅ አደገኛ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለሉ ላይ ይተኛል። የግድ ካቢኔት ውስጥ ከሆነ ከታች በኩል ሰፊ መተንፈሻ ቀዳዳ ይከፈትለት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለውሃ ቦታ ያልተተወበት ወጥ ቤት ሳይ አዝናለሁ። ከእቃ ማጠቢያው አጠገብ መሃል መደርደሪያ የሌለው አንድ ታችኛ ሳጥን ተዉ፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ይገቡበታል። በርሜል የምታስቀምጡ ከሆነ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ መሆኑን አስታውሱና ወለሉ ላይ አድርጉት። ለጤፍ ዱቄቱም ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ አስቡለት።

ጭስ መሳቢያ ስትገዙ ወደ ውጭ የሚወጣ ቧንቧ እንዳለው ጠይቁ። ቧንቧ የሌለው ዓይነት አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ቤት ውስጥ ይመልሰዋል፤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ከሰዓት በላይ ሲቁላላ እንፋሎቱንም ሙቀቱንም አይችለውም።

ብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ በአጭር ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ በሚይዘው ፕላስቲክ) የተሰቀለ ካቢኔት ሳህን ሲሞላ ይወድቃል። ልኬት ደግሞ ከልስንና ከሴራሚክ በኋላ፣ ከታች፣ ከመሃልና ከላይ፣ ሦስት ጊዜ።

የእኒያን እናት ካቢኔት ያስተካከልኩት በሁለት ቀን ነው። በመስኮቱ በኩል 1 ሜትር ከ40 ያህል ታችኛውን ቆርጬ አወጣሁ፤ ከላዩ የነበሩትን ሁለት ሳጥኖች ነቅዬ ኮሪደሩ ላይ ሰቀልኳቸው። ኤሌክትሪሻኑ አዲሱን መስመር ዘረጋ። መቆሚያውን በክርናቸው ልክ ስበይድ አጠገቤ ቆመው «ትንሽ ዝቅ፣ አሁንም ትንሽ» ይሉኝ ነበር። 62 ሳንቲሜትር ላይ ሲደርስ «በቃ» አሉ።