ኳታር ውስጥ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ሲከለከል ምን ይደረጋል? ቅደም ተከተሉ

ወራት ያለ ደመወዝ የሠራች እህት መጀመሪያ የምታስበው ቤቱን ጥላ መውጣት ነው። በዚህ ማንም አይወቅሳትም። ነገር ግን ቅሬታሽን ሳታስመዘግቢ ከወጣሽ አሠሪሽ «ጠፋች» ብሎ ሊያመለክትብሽ ይችላል፤ ያኔ ከሳሽ መሆን ሲገባሽ ተከሳሽ ትሆኛለሽ፤ የመኖሪያ ፈቃድሽም አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ማስረጃ፣ ቀጥሎ ማመልከቻ፣ ከዚያ መውጣት። ድብደባ ወይም ጾታዊ ጥቃት ካለ ግን ይህን ሁሉ ተይው፤ 999 ደውይ፤ ከቻልሽም ወዲያው ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኤምባሲ ሂጂ።

1. የሚገባሽን በቁጥር አስይ

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 የቀን ሥራን ቢበዛ 10 ሰዓት ያደርጋል። በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት ደግሞ 3 ሳምንት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጥሻል። ደመወዝሽ በወሩ መጨረሻ፣ ቢዘገይ እስከሚቀጥለው ወር 3ኛ ቀን መከፈል አለበት። ከመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው። አንድ ዓመት ከሞላሽ ስትለቂ ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ የ3 ሳምንት ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ አለሽ፤ ብዙዎች ይህን ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

ለምሳሌ 1,000 ሪያል እየተከፈላት 2 ዓመት ሠርታ የ4 ወር የቀረባት፦ ደመወዝ 4,000፤ የአገልግሎት ክፍያ 700 ሲባዛ በ2፣ ማለትም 1,400፤ የሁለቱንም ዓመት ፈቃድ ካልወሰደች ሌላ 1,400። ድምሩ 6,800 ሪያል። «ደመወዝ አልከፈሉኝም» ከማለት ይህን ቁጥር ይዞ መቅረብ በእጅጉ ይሻላል።

2. ማስረጃውን ቤት ውስጥ ሳለሽ ሰብስቢ

ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የኮንትራቱን እያንዳንዱን ገጽ፣ የመታወቂያሽን ሁለቱንም ገጽታ፣ የፓስፖርትሽን የፎቶ ገጽና ቪዛውን ፎቶ አንሺ። ፓስፖርቱ በእጅሽ ከሌለ አገር ቤት የቀረ ቅጂ ካለ አስልኪ። ወደ ቤተሰብ የላክሽበትን ደረሰኝ አትጣይ፤ የትኛው ወር እንደተከፈለና የትኛው እንደቀረ ያሳያል።

ደመወዝሽን በቃል ብቻ ሳይሆን በዋትስአፕም ጠይቂ፦ «ማዳም፣ የጥርና የየካቲት ደመወዜ አልተከፈለኝም፤ መቼ ይከፈለኛል?» መልሱ «በሚቀጥለው ወር» ቢሆን እንኳ ዕዳው እንዳለ ማመን ነው። የምትሰበስቢውን ሁሉ በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ላኪ፤ ስልክ ሊወሰድ ይችላል።

የቤቱን አድራሻ የማያውቁ እህቶች ብዙ ናቸው። በበሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ሰሌዳ ፎቶ አንሺ፤ የቤቱ፣ የመንገዱና የዞኑ ቁጥር እዚያ ላይ አለ። በእሷ ፖሊስም ኤምባሲም ያገኝሻል።

በዓረብኛ የተጻፈ የማታነቢው ወረቀት ላይ አትፈርሚ። «ሙሉ ደመወዜን ተቀብያለሁ» የሚል ሊሆን ይችላል። ወይም ፓስፖርትሽ አሠሪው ጋ እንዲቀመጥ በጽሑፍ የጠየቅሽ ያስመስልሻል፤ ያለ ጽሑፍ ጥያቄሽ ፓስፖርት መያዝ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 25,000 ሪያል ይደርሳል።

3. ለኳታር ሠራተኛ ሚኒስቴር አመልክቺ

ማመልከቻው በአካልም በኢንተርኔትም ይቀርባል፤ ክፍያ የለውም። መጀመሪያ ሽምግልና ይሞከራል፤ ለዚህ ሕጉ 7 ቀን ይሰጣል። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ወደ ሥራ ክርክር ኮሚቴ ይሄዳል፤ ኮሚቴው ከመጀመሪያው ችሎት አንስቶ በ3 ሳምንት መወሰን አለበት። በተግባር ይረዝማል፤ ለጥቂት ወራት የሚሆን ማረፊያና ስንቅ አስቢ። የማመልከቻውን ቁጥር ጽፈሽ ያዢ፤ «ጠፋች» ቢሉሽ መከላከያሽ እሱ ነው።

በሽምግልናው ላይ የተለመደው አቅርቦት «ትኬት ቆርጬ ልላክሽ፣ ክሱን ተይው» ነው። ደክሞሽ ብትቀበዪ ማንም አይወቅስሽም፤ ብቻ 6,800 ሪያል በአንድ ትኬት እየለወጥሽ መሆኑን አውቀሽ ይሁን።

4. ኤምባሲውን በትክክለኛው ሥራ ላይ አውዪው

ዶሃ ያለው ኤምባሲያችን ፍርድ ቤት አይደለም፤ አሠሪን አስገድዶ አያስከፍልም። ሊያደርግ የሚችለው ለኳታር ባለሥልጣናት መጻፍ፣ አሠሪውን ማነጋገር፣ ፓስፖርትሽ ከጠፋ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ አገር ቤት የሚያስገባ ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) መስጠትና ውክልና ማረጋገጥ ነው። ስለዚህ «እርዱኝ» ብቻ ብለሽ አትሂጂ፤ የማመልከቻ ቁጥርሽንና ስሌቱን ይዘሽ «ይህን ጻፉልኝ» በይ።

ከታሰርሽ ደግሞ በ1963 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 አለ፦ የታሰረ የውጭ ዜጋ ከጠየቀ ፖሊስ ሳይዘገይ ለቆንስላው ማሳወቅ አለበት። «ከጠየቀ» የምትለዋን ቃል ያዢ። ዝም ካልሽ ሊያሳውቁልሽ አይገደዱም። «የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይነገርልኝ» በይ፤ ደጋግመሽ በይ።

5. አገር ቤት ያለውንም በር አንኳኪ

በሕጋዊ ኤጀንሲ ከሄድሽ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ኤጀንሲው ለኮንትራቱ መጣስ ከአሠሪሽ ጋር አብሮ ይጠየቃል። ቤተሰብሽ የኮንትራቱን ቅጂና የላክሽውን ማስረጃ ይዞ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በጽሑፍ ያመልክት፤ ማመልከቻው የገባበትን ቀንና ማኅተም በቅጂው ላይ ያስመታ። በደላላ የሄደች ይህ በር ይዘጋባታል፤ ኤምባሲው ግን ዜጋው ናትና አይዘጋባትም።

6. ከውሳኔ በኋላ

አሠሪው ተፈርዶበትም ካልከፈለ ማስፈጸሚያ ጠይቂ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተቋቋመው የሠራተኞች ድጋፍና መድን ፈንድ አሠሪው ሳይከፍል ሲቀር የሚከፍልበት አሠራር ስላለ ስለ እሱም ጠይቂ። ገንዘቡ ሳይወጣ አገር ቤት መግባት ካለብሽ አስቀድመሽ ለምታምኚው ሰው በኤምባሲው በኩል ውክልና ስጪ። ለመውጣት የአሠሪ ፈቃድ ማግኘት ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቀርቷል፤ ግን ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድመሽ ለአሠሪሽ አሳውቂ፤ ማሳወቅሽም በጽሑፍ ይሁን።