ስለ ኮሪያ ድራማ የሚረባ አስተያየት ለመስጠት

ደሴ ላይ፣ በፍላሽ ተጭኖ የመጣ የኮሪያ ድራማ ታይቶ ሲያልቅ ቡናው ላይ የሚነሳው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ «ደስ ይላል» ወይም «ይደብራል» የሚል ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ገና ላላየው ሰው ምንም አይነግረውም።

በመጀመሪያ የሥራውን ዓይነት ይለዩ። የተለመደው ድራማ 16 ክፍል ያህል ኖሮት እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ቢያንስ 4 ክፍል ሳያዩ አይፍረዱ። ፊልም ግን በአንድ ቁጭታ ይዳኛል።

ከሁሉ በላይ አነጋገሩን ያድምጡ። ኮሪያኛ እንደ አማርኛችን አንተና አንቱ የሚለይ የአክብሮት ወግ አለው፤ የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ያልፈዋል። ዓረፍተ ነገሩ «ዮ» በሚል ድምፅ ሲዘጋ ብዙውን ጊዜ ትሕትና ነው፤ ሁለት ሰዎች ለብዙ ክፍል እንዲህ ሲነጋገሩ ቆይተው አንደኛው ድንገት ቢተወው፣ ወይ ተቀራርበዋል ወይ ተናንቀዋል። ጽሑፉን የማታነበው እናቴ አንድ ምሽት ይህን በጆሮዋ ብቻ ለይታ «አንቱታው ቀረ፤ ሊጣሉ ነው» አለችን፤ እውነትም ተጣሉ። ታናሽ ለታላቅ በሁለት እጁ ሲቀዳና ፊቱን ዞር አድርጎ ሲጠጣም ልብ ይበሉ፤ ወሎ ላደገ ሰው ይህ ክብር እንግዳ አይደለም።

የመዝናኛ ዝግጅቶችን በተመለከተ፣ ቀልዱ በከፊል በማያ ገጹ ላይ በሚጻፈው ኮሪያኛ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ያልተተረጎመ ቅጂ አይተው «አያስቅም» አይበሉ።

አስተያየትዎን ሲሰጡ የስንተኛውን ክፍል የትኛው ትዕይንት እንደነካዎት ይጥቀሱ፤ መጨረሻውን ግን ላላየ ሰው አይንገሩ።